ካቻቢቴውን መጀመሪያ አስቀምጡት፦ ጆይስቲክ አልነዝር ሲል የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴ ላይ ጆይስቲክ የሚጠግን ሰው ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለው። አንደኛው የፕሌስቴሽን ቤት ባለቤት ነው። እሱ ችግሩን ያውቀዋል። "አናሎጉ ወደ ግራ ይሄዳል"፣ "አር ዋን ሞቷል" ብሎ እቃውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ይወጣል። ሁለተኛው ቤቱ ሆኖ ላፕቶፕ ላይ የሚጫወተው ልጅ ነው። የዚህኛው ቅሬታ ሁሌም አንድ ነው፦ "ጋሼ፣ በተኑ ሁሉ ይሠራል፤ ቫይብሬሽኑ ግን የለም።"

ይሄ ሁለተኛው እየበዛ ነው። ከፒያሳና ከሸዋ በር ብቻ ሳይሆን ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያም በሚኒባስ ሹፌር እየተላከ ይመጣል። ከሚመጣው ውስጥ አብዛኛው ጤነኛ እቃ ነው። ጥፋቱ ያለው ሴቲንጉ ላይ ነው፣ ወይ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ እቃውን የሚያናግርበት ፕሮግራም) ላይ፣ ወይ ገመዱ ላይ። አንዳንዴማ ጌሙ ራሱ ቫይብሬሽን የሚባል ነገር አያውቅም። ሰው ግን ይህን ሁሉ ዘልሎ የሚሮጠው ወደ ካቻቢቴ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ሳይመረምሩ መክፈት

አንድ የሐይቅ ልጅ ጆይስቲኩን በፌስታል ይዞልኝ መጣ። ሽፋኑ ለብቻ፣ ቦርዱ ለብቻ፣ ብሎኖቹ በደብተር ወረቀት ተጠቅልለው። የኤል ቱ በተን ስፕሪንግ የለችም። በተኖቹን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ስስ ሪባን ጫፉ ላይ ተቀዷል።

"ምን ሆኖ ነው የከፈትከው?" አልኩት።

"አልነዝር ብሎኝ ነዋ። ቪዲዮ ላይ ሞተሩን ቀይሩት ይላል።"

ሞተሩን በሪሞት ድንጋይ ነካ አደረግሁት። ዘለለ። ደህና ነው። ላፕቶፑን ከፈትንና ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ገባን። ቫይብሬሽን ኦፍ ነው። በአንድ ክሊክ ያልቅ የነበረው ነገር ስፕሪንግ ፍለጋ ሆነ። ስፕሪንግ ደግሞ እኛ ሰፈር ለብቻዋ አትሸጥም። ሌላ የሞተ ጆይስቲክ አርደን ነው የምናገኛት።

እባካችሁ ስሙኝ። የጆይስቲክ ሞተር በቀላሉ አይሞትም። ትንሽ ዲሲ ሞተር ናት። ጫፏ ላይ ወደ አንድ ጎን ያደላ ብረት አለ። ሲሽከረከር ሚዛኑ ስለሚዛባ እጃችሁ ላይ ይነዝራል። በቃ ይኼው ነው። ከአናሎግ ይልቅ፣ ከቻርጅ ቀዳዳ ይልቅ፣ ከባትሪ ይልቅ ዕድሜ ያላት እሷ ናት። በመደበኛ ጆይስቲክ ውስጥ ሁለት ናቸው። በግራ በኩል ያለችው ትልቋ ናት፤ ከበድ ያለ ቀርፋፋ ንዝረት ትሰጣለች። በቀኝ ያለችው ትንሿ ፈጣንና ቀጭን ንዝረት አላት። እንግዲህ አስቡት። ትናንት ሁለቱም ይሠሩ ነበር፣ ዛሬ ሁለቱም ዝም አሉ። ሁለት የማይገናኙ ሞተሮች ተቃጥረው በአንድ ሌሊት ይሞታሉ? አይሞቱም። ሁለቱም አንድ ላይ ዝም ካሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትእዛዙ ነው። ወይ ጌሙ አላዘዘም፣ ወይ መንገድ ላይ ቀርቷል።

መክፈት የሚገባው መቼ ነው? አንዱ ጎን እየነዘረ ሌላው ዝም ሲል። ስታወዛውዙት ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ሲኖር። ሞተሩ "እዝዝ" የሚል ድምፅ እያሰማ እጃችሁ ላይ ግን ምንም ሳይሰማችሁ ሲቀር፤ ያኔ ብረቷ ከዘንጓ ወልቃለች። ወይም ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ ገመድ ላይ፣ በሌላ ጌም ተሞክሮ እምቢ ሲል። ከዚህ ውጭ ካቻቢቴውን መሳቢያው ውስጥ አስቀምጡት። መሳቢያውንም ዝጉት።

ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይመጣል። "የደሴ ጉም ገብቶበት ነው" ይሉኛል። ጉሙማ በመስኮት ይገባል፣ እሱን አልክድም። ከፍቼ ሳየው ግን ቦርዱ ላይ የማገኘው የደረቀ ለስላሳ ነው።

"በተኑ ከሠራ ቫይብሬሽኑም መሥራት አለበት" ማለት

የብዙው ጭንቀት ምንጭ ይህቺ ናት። በተን ስትጫኑ ወሬው ከጆይስቲክ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። ቫይብሬሽን የተገላቢጦሽ ነው። ትእዛዙ ከጌሙ ይነሳል፣ በዊንዶውስ በኩል ያልፋል፣ በድራይቨሩ በኩል ያልፋል፣ በገመድ ወይ በብሉቱዝ ይሄድና ሞተሩ ጋ ይደርሳል። ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ናቸው። ደውላችሁ እነሱ ጥርት አድርገው እየሰሟችሁ የእነሱ ድምፅ ወደ እናንተ የማይመጣበት ስልክ ገጥሟችሁ አያውቅም? ልክ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ "በተኑ ይሠራል" ማለት የሚነግረን ትንሽ ነገር ነው። እቃው ኃይል አለው፣ ዊንዶውስ አውቆታል፣ ከዚያ በላይ የለም። ፍለጋው የሚጀምረው ከጌሙ ነው፤ ከዚያ ወደ ታች እየወረዳችሁ ትእዛዙ የት እንደቀረ ትይዛላችሁ።

በአንድ ጌም ብቻ ሞክሮ መፍረድ

መጀመሪያ የጌሙን ሴቲንግ እዩ። ቫይብሬሽን የሚለው ብዙ ጊዜ ኮንትሮለር የሚለው ስር ነው። አዳዲስ ጌሞች ላይ ግን አክሰሲቢሊቲ የሚለው ውስጥ የሚደበቅበት ጊዜ አለ። ኦን ሆኖ ኃይሉ ዜሮ የሆነበትም ገጥሞኛል።

ሁለተኛ፣ ጌሙ ራሱ ይችላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2005 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ለምሳሌ በራሱ ጆይስቲክ አያንቀጠቅጥም። ፕሌስቴሽን ቤት ላይ ሲነዝር ያየ ልጅ ላፕቶፑ ላይ ሲያጣው "ተበላሸ" ይላል። አልተበላሸም። ጂኢንፑት የሚባል ተጨማሪ ፋይል ካልተጫነበት ትእዛዙ ከመነሻውም አይወጣም። ብዙ የድሮ ጌሞች እንዲሁ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ኪቦርድና ማውሱን ተዉት። ብዙ ጌም መጨረሻ ላይ የተነካውን ነው የሚከተለው። በጆይስቲክ እየተጫወታችሁ ማውሱ ከተነቃነቀ ጌሙ ወደ ኪቦርድ ይዞራል፤ ያኔ ቫይብሬሽኑም ይቆማል። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ የሚጫወት ልጅ ክርኑ ማውሱን እየነካ "አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም" ብሎ ያብዳል።

ከጌም ውጭ መሞከሪያም አለ። የኤክስቦክስ ዋንና ከዚያ በኋላ የመጡት ጆይስቲኮች ከሆኑ፣ ኤክስቦክስ አክሰሰሪስ የሚባለው የማይክሮሶፍት አፕ ቫይብሬሽኑን ይሞክርላችኋል። ከሌላችሁ በክሮም ጌምፓድ ቴስተር ብላችሁ ፈልጉ፤ ቫይብሬሽን የሚሞክር ቁልፍ ያላቸው ገጾች ይመጣሉ። እዚያ ነዝሮ ጌሙ ላይ ካልነዘረ ጆይስቲካችሁ ጤነኛ ነው፤ ክሱ ወደ ጌሙ ይዞራል። ግልባጩ ግን አይሠራም። እዚያ ካልነዘረ ሞቷል ማለት አይደለም። ምክንያቱን ቀጥሎ ታገኙታላችሁ።

የዊንዶውስን መሞከሪያ አምኖ መቅረት

የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጭናችሁ፣ ጆይ፣ ነጥብ፣ ሲፒኤል ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፉ የምትመጣ አሮጌ መስኮት አለች። ለበተን ጥሩ ናት። ለቫይብሬሽን ግን የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ላይ ምንም መሞከሪያ አታሳይም። አለማሳየቷ የጆይስቲኩ ጥፋት አይደለም።

ቋንቋቸውን አለማወቅ

እዚህ ጋ ቡና አስቀርቡና አንብቡ።

ዊንዶውስ ላይ ጌምና ጆይስቲክ የሚነጋገሩባቸው ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሉ። አሮጌው ዳይሬክት ኢንፑት ይባላል። አዲሱ ኤክስ ኢንፑት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣው ከኤክስቦክስ 360 ጋር የመጣ። ኤክስ ኢንፑት ላይ ቫይብሬሽን ቀላል ነው። ጌሙ ለግራው ሞተር አንድ ቁጥር፣ ለቀኙ አንድ ቁጥር ይልካል፤ ከ0 እስከ 65535። ዜሮ ዝምታ ነው፣ ትልቁ ቁጥር ሙሉ ኃይል። ዊንዶውስ 10ና 11 ለኤክስቦክስ ጆይስቲክ የሚሆነው ድራይቨር አላቸው። ስለዚህ ሰክታችሁ ትጫወታላችሁ።

ዳይሬክት ኢንፑት ላይ ነገሩ ይጠምማል። በተኑን ዊንዶውስ በራሱ አጠቃላይ ድራይቨር ያነበዋል። ቫይብሬሽኑን ግን አብዛኛውን ጊዜ የአምራቹ ድራይቨር ካልተጫነ አያውቀውም። ገበያ ላይ በርካሽ የምናገኘው ባለ ዩኤስቢ ጆይስቲክ፣ ካርቶኑ ላይ "ቫይብሬሽን" ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት፣ ከውስጡ ትንሽዬ ሲዲ የሚወጣበት፣ እሱ ነው የዚህ ሁሉ ጣጣ ንጉሥ። ሲዲዋን ማንም አይጭናትም። ዛሬ ሲዲ የሚያነብ ላፕቶፕስ ማን አለው? ልጁ ይሰካዋል፣ በተኑ ይሠራል፣ ደስ ይለዋል፣ ሲዲዋ ከካርቶኑ ጋር ትጣላለች። ከወር በኋላ "ቫይብሬሽን አለው ተብሎ ነበር የተሸጠልኝ" ብሎ ከባለሱቁ ጋር ይጣላል። ባለሱቁ አልዋሸም፣ ልጁም አልዋሸም። ድራይቨሩ ነው የተጣለው።

መፍትሔው ምንድን ነው? ሲዲውን ሲዲ ማንበቢያ ያለው ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ወደ ፍላሽ ገልብጡት። ዊንዶውሳችሁ 64 ቢት ከሆነ ለእሱ የሚሆነውን ጫኑ። ሲጫን ቅድም ያልኳችሁ አሮጌ መስኮት ውስጥ፣ ፕሮፐርቲስ የሚለው ስር፣ ቫይብሬሽን የሚሞክር አዲስ ገጽ ይጨመራል። እሱ ከመጣ ግማሹ መንገድ አልቋል።

ግማሹ ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ጌሞች ኤክስ ኢንፑት ብቻ ነው የሚሰሙት። ለዚህ ኤክስ 360 ሲኢ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ርካሹን ጆይስቲክ የኤክስቦክስ አስመስሎ ለጌሙ ያቀርባል። ልጆቹ ይህን ያውቁታል፤ ጎበዞች ናቸው። በተኖቹን አንድ በአንድ አቀናብረው ይመጣሉ። የሚረሷት ፎርስ ፊድባክ የምትለዋን የንዝረት ገጽ ነው። እዚያ ገብታችሁ ካልፈቀዳችሁለት በተን ብቻ ያስተላልፋል። ከፈቀዳችሁም በኋላ ከሥሩ የአምራቹ ድራይቨር ከሌለ ለማን ያስተላልፍ? ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የድሮውን፣ ከጌሙ ፋይል አጠገብ የሚቀመጠውን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጌሙ 32 ቢት ከሆነ 32ቱን፣ 64 ከሆነ 64ቱን ነው የምታስቀምጡት። የተምታታ እንደሆነ ጌሙ ዞር ብሎም አያየው።

አንዳንድ ጆይስቲኮች ይህን በማብሪያ ይፈቱታል። ሎጂቴክ ኤፍ 710 ላይ ኤክስና ዲ የሚሉ ሁለት ቦታዎች ያሉት ትንሽ ማብሪያ አለ። ኤክስ ላይ አድርጉት። ፊቱ ላይ ደግሞ ቫይብሬሽን የሚል ለብቻው ቁልፍ አለው፤ ሳይታወቅ ተነክቶ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህቺን ቁልፍ ሳሳየው የተናደደውን መናደድ አልረሳውም። ዊንዶውሱን ፎርማት አስደርጎ ነበር የመጣው።

ፎርማት ማድረግ

ሰው ራስ ምታት ሲይዘው ፓራሲታሞል፣ ኮምፒውተሩ ሲይዘው ፎርማት። ኧረ ተዉ! ፎርማት ስታደርጉ ያ የጣላችሁት ድራይቨር ተመልሶ አይመጣም። ከነበረም ይጠፋል። የፎቶውንና የመመረቂያ ጽሑፉን ነገር አላነሳም።

ባይሆን ዊንዶውስ ውስጥ ዲቫይስ ማናጀር የሚለው ገብታችሁ ጆይስቲኩን ብቻ አንኢንስቶል አድርጉ፣ ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የፕሌስቴሽንን ጆይስቲክ እንደ ኤክስቦክስ መቁጠር

የፕሌስቴሽን 4 ጆይስቲክ፣ ኦርጅናሉም ቢሆን፣ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ዊንዶውስ እንደ ተራ ጆይስቲክ ነው የሚያየው። ጌሙ በቀጥታ ለእሱ የተዘጋጀ ካልሆነ በቀር አይነዝርም። ስለዚህ ዲኤስ 4 ዊንዶውስ የሚባለውን ፕሮግራም ትጠቀማላችሁ፣ ወይም ጌሙን ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫና መክፈቻ ፕሮግራም በኩል ትከፍቱታላችሁ። ዲኤስ 4 ዊንዶውስ ውስጥ ከባዱንና ቀላሉን ሞተር ለየብቻ የሚሞክሩ ቁልፎች አሉ። እኔ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የምነካው እነሱን ነው። ሁለቱም ከነዘሩ እቃውን ለባለቤቱ እመልሳለሁ።

የፕሌስቴሽን 3ቱ ሌላ ጉድ አለው። ፕሌስቴሽን 3 እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ አብሮት የመጣው ሲክስአክሲስ የሚባለው ጆይስቲክ ጭራሽ ሞተር የለውም። ሶኒ በጊዜው ኢመርሽን ከሚባል ኩባንያ ጋር በቫይብሬሽን የፈጠራ መብት ክስ ላይ ነበር። ክሱ እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት አለቀና ዱዋልሾክ 3 መጣ። ሁለቱ መልካቸው አንድ ነው። ከላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ በእጃችሁም መዝኑት፤ የቀለለው ሞተር የሌለው ነው። አንዱን ሲክስአክሲስ "ሞተሩ ተሰርቆብኛል፣ ጠጋኙ ነው ያወጣው" ብሎ ይዞ የመጣ ሰው አለ። ያን ጠጋኝ አላውቀውም፤ ግን ያለ ኃጢአቱ ሲታማ ከርሟል።

ሎጂቴክ ኤፍ 310ም እንዲሁ ነው። ከኤፍ 710 ጋር ወንድማማች ይመስላሉ፤ ኤፍ 310 ግን ሞተር የለውም። ለሌለ ነገር ድራይቨር አትፈልጉ።

የፕሌስቴሽን 5ቱ ዱዋልሴንስ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ብረት ስታጡ አትደንግጡ። እሱ እንደ ስፒከር በጥቅል ሽቦና ማግኔት ነው የሚነዝረው። ያ ረቂቅ ንዝረቱ በአብዛኛው የኮምፒውተር ጌሞች ላይ በገመድ ሲሆን ነው ሙሉ ሆኖ የሚሠራው። በብሉቱዝ ተራውን ንዝረት ብታገኙ ተመስገን በሉ።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር። የኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲክ አራት ሞተር አለው፤ ሁለቱ ጣታችሁ የሚያርፍባቸው ትሪገሮች ውስጥ ናቸው። ኤክስ ኢንፑት እነሱን ማዘዝ አይችልም። ብዙ የኮምፒውተር ጌም ላይ ዝም የሚሉት ለዚህ ነው።

ፕሮግራም በፕሮግራም ላይ መደረብ

ዲኤስ 4 ዊንዶውስ ይከፈታል። ስቲምም የራሱን ኢንፑት ያበራል። ኤክስ 360 ሲኢም ጌሙ አጠገብ ተቀምጧል። ሦስቱም አንዱን ጆይስቲክ እኔ ነኝ የምመራው ይላሉ። ውጤቱ? አንድ እቃ ሰክታችሁ ጌሙ ሁለት ያያል። ትእዛዙን ወደ አንደኛው ይልካል። አንደኛው ደግሞ በሶፍትዌር የተፈጠረ ነው፤ እጅ ላይ የለም። ሞተሩም የለም።

አንዱን ብቻ ምረጡ። ስቲም ላይ ጌሙን በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮንትሮለር ብላችሁ ስቲም ኢንፑትን ማጥፋት ይቻላል። ዲኤስ 4 ዊንዶውስን ከመረጣችሁ ሂድሃይድ በሚባለው ፕሮግራም ዋናውን ጆይስቲክ ከጌሙ ደብቁት፤ የሚታየው አንዱ ብቻ ይሆናል። ኤክስ ኢንፑት አራት ወንበር ብቻ ነው ያለው። ብዙ ጌም ደግሞ የሚያናግረው አንደኛው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ነው። ሁለት ሆናችሁ ስትጫወቱ የአንዱ ብቻ ከነዘረ ንቀሉና አቀያይራችሁ ሰኩ። ንዝረቱ ከወንበሩ ጋር ከሄደ ጆይስቲኩ ንጹሕ ነው።

ገመድና ኃይል

ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ አለ፤ ዳታ አያሳልፍም። በሱ ሰክታችሁ በብሉቱዝ እየተጫወታችሁ "በገመድም ሞከርኩት" አትበሉ።

ሞተር ከበተን የበለጠ ኃይል ይበላል፤ በተለይ ሲነሳ። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር ነው፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። የራሱ አዳፕተር በሌለው ማከፋፈያ ላይ ማውስ፣ ኪቦርድ፣ ፍላሽና ሁለት ጆይስቲክ ሰክታችሁ ሁሉም ከአንዷ ቀዳዳ ይጠባሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው። ጆይስቲኩ ልክ ሊነዝር ሲል ይቋረጣል፣ ወዲያው ተመልሶ ይገናኛል። ይህን ካያችሁ ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ሰኩት። ባለ ድንጋይ ገመድ አልባ ከሆነ ድንጋዩን ቀይሩ። የደከመ ድንጋይ በተን ያሠራል፣ ሞተር ግን አያስነሳም።

ፎርጅድ የፕሌስቴሽን 4 ጆይስቲክ በብሉቱዝ ዝም ብሎ በገመድ የሚነዝርበት ጊዜ አለ። ያ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ አሠራሩ ነው። በገመድ ተጫወቱ።

ከፍቶ ሞተሩን ማቃጠል

እሺ፣ ሁሉንም ሞከራችሁ፤ አንዱ ጎን ሞቷል። አሁን ይከፈት።

ሞተሩን ለመሞከር አንድ የሪሞት ድንጋይ ይበቃል፤ 1.5 ቮልት። ሁለቱን ሽቦዎች ለአፍታ ነካ፣ ለቀቅ። ከዘለለ ደህና ነው። የስልክ ቻርጀር ሽቦ ገሽልጦ 5 ቮልት የሚሰጠው ልጅ፣ ባለ 9 ቮልቱን ድንጋይ የሚያመጣው ልጅ፣ ሞተሩን "ሲሞክር" የሚገድለው እሱ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ሽቦው ቦርዱ ላይ እንደተያያዘ ኃይል የሚለቅበት ነው። ያኔ ሞተሩ ይተርፍና ሞተሩን የሚያዘው የቦርዱ ክፍል ይሄዳል። አንዱን ጫፍ ሳትነቅሉ አትሞክሩ።

ድንጋዩ ላይ ከሠራ ብየዳውን እዩ። መሬት ላይ ወድቆ የመጣ ጆይስቲክ አብዛኛው ጥፋቱ እዚያ ነው፤ ቀጭኗ ሽቦ ከቦርዱ ለቃ ተንጠልጥላለች። የብየዳ ካውያውን አሙቁ፣ ነካ አድርጉ፣ አንሱ። አታቆዩት። ካውያ ረጅም ጊዜ ከቆየ ቦርዱ ላይ ያለችው የመዳብ ጉብታ ትላጣለች፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የናንተ አይደለም። የኤክስቦክስ 360 ሞተር የሚነቀል ሶኬት ስላለው ብየዳ አይፈልግም፤ ሶኬቱን ብቻ ጠበቅ አድርጉ።

ብረቷ ከዘንጉ ከወለቀች መልሷት፣ በጣም ትንሽ ማጣበቂያ ጠብ አድርጉ፣ ሳይደርቅ አትዝጉ። ማጣበቂያው ወደ ሞተሩ አፍ ከፈሰሰ አለቀላት። ከመዝጋታችሁ በፊት ሞተሯ ማረፊያዋ ውስጥ በደንብ መቀመጧን እዩ። ሽፋኑ ብረቷን ከነካት አትዞርም። ስትዘጉ በኃይል ከሆነ የምትዘጉት፣ የሆነ ነገር ቦታው ላይ አልተቀመጠም ማለት ነው። ትልቋን ወደ ግራ፣ ትንሿን ወደ ቀኝ። ቀያይረው የዘጉ አሉ፤ ይነዝራል፣ ግን መኪናው ሲጋጭ ዝንብ የጮኸ ያህል ብቻ ነው የሚሰማችሁ።

ንዝረት ደከመ ብሎ ሶፍትዌሩ ላይ ኃይሉን እስከ ጣሪያው መስቀል መፍትሔ አይደለም፤ ድንጋይ ይጨርሳል።

ሱቅ ስታመጡት

አንዲት እናት የልጃቸውን ጆይስቲክ ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ይቺ ነገር አልንቀጠቀጥ ብላው እንቅልፍ አጥቶ እኔንም አሳጣኝ" አሉኝ። "አብሽሩ እማማ፣ ትሠራለች" አልኳቸው። ግን በምን ጌም፣ በምን ኮምፒውተር፣ በገመድ ይሁን ያለ ገመድ፣ እሳቸው አያውቁም፣ ልጁም አልጻፈላቸውም። እኔ ዘንድ ነዘረች። ወሰዷት። ቤት ስትደርስ እምቢ አለች። ከዚያ ልጁ ራሱ መጣና ነገሩ ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ታወቀ።

ስለዚህ የጌሙን ስም፣ የዊንዶውሱን ዓይነትና የጫናችኋቸውን ፕሮግራሞች በወረቀት ጻፉልኝ። የምትጠቀሙበትን ገመድ አብራችሁ ላኩ። ከተቻለ ላፕቶፑንም። ገመድ አልባ ከሆነ ደግሞ ያቺን ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ አትርሱ። ጆይስቲኩን ከወልድያ ለሹፌር ሰጥቶ መቀበያዋን ላፕቶፑ ላይ እንደተሰካች የሚተው ሰው ብዛቱ! ሹፌሩ በማግስቱ ተመልሶ ያመጣታል፤ ለሱም የመንገዱን ትከፍሉታላችሁ።